ከገበያ የወጣ አማና

ሐምሌ 14

ሲዘንብ አድሮ የሱቁ ደጃፍ ጭቃ ሆኗል። እስከ ቀትር ሸራና የእጅ ባትሪ ብቻ ነው የተሸጠ። ደገኞቹ ለአረም መውረድ ጀምረዋል። መተማ ክረምት በገባ ቁጥር እንዲህ ናት፤ አንድ ቀን ጭር፣ በማግስቱ መርገጫ የለም።

ቢሆነኝም መጣ። የጎጃሙ። ሰባተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። አምና ካላዛር ይዞት ሆዱ አብጦ፣ ወር ሙሉ መርፌ ሲወጋ ከርሞ ነበር የተሰናበተን። ከእንግዲህ አይመጣም ብዬ ነበር። ደጅ ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሐኪሞቹ ቆላ እንዳትወርድ እንዳሉት ነገረኝ። ታዲያ ምን ቆርጦህ መጣህ ብዬ ተቆጣሁት። የመጨረሻዬ ነው አለ። የሰሊጡን አጨዳ ጨርሶ፣ እኔ ዘንድ ያስቀመጠውን ሁሉ ይዞ፣ ጥንድ በሬ ገዝቶ አገሩ ሊቀር።

"እትየ፣ እርስዎ ዘንድ ያለው ባይኖርማ ምን ተስፋ ነበረኝ?"

ሻይ ልቀዳለት ብዬ ስኳሩን ደፋሁት።

እኔ ዘንድ ያለው... እኔ ዘንድ ምን አለ?

ሐምሌ 15

አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። መደርደሪያውን ሦስቴ ጠረግሁት። አብዱረሕማን "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?" ብሎ ወጣ። ባሌ ምን እንደነካኝ ያውቃል። እያወቀ ነው የሚጠይቅ።

ደብተር ነው፣ ማን ያየኛል፣ ልጻፈው። የቢሆነኝ ገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ የለም።

እዚህ የአጨዳ ሠራተኛ ገንዘቡን ይዞ እንደልቡ አይንቀሳቀስም። በረሃ ለበረሃ ነው የሚያድር። ባንክ ልግባ ቢል መታወቂያው አገር ቤት ነው። ስለዚህ የሚያምነው ባለሱቅ ዘንድ በአማና ይተዋል። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር። የተቀመጠው አይነካም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይወስዳል። እኔ ግን ነካሁት።

የዛሬ አራት ዓመት የቆላ ፍሬ ዘይት ፋብሪካ አክሲዮን ሻጮች እዚህ ገበያው ድረስ መጡ። ያልተገላበጠ ያራል አልሁ። በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። በቢሆነኝም ገንዘብ ልክ የራሴን ያህል ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህም ባስቀመጠ ቁጥር ለሁለታችንም እኩል እየጨመርሁ። በእኔ ስም። ሳልነግረው። አብዱረሕማን "መጂዳ፣ አማና አይነካም" ብሎኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁት።

ለክፋት አይደለም፣ ወላሂ። አምና ፋብሪካው አክሲዮን ገበያው ላይ ሲመዘገብ ዋጋው ወጣ፣ ወጣ... ጎንደር አክሲዮን የሚያሻሽጠው አገናኝ ድርጅት ውስጥ ለምትሠራው ለየትናየት በየሳምንቱ እየደወልሁ እጠይቅ ነበር። ለቢሆነኝ ድንገት እጥፉን ስሰጠው ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰብሁ ለብቻዬ ስስቅ... ደግነቴ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነው። ይኸው ነው እውነቱ።

የራሴ ድርሻ ደግሞ ጎንደር ሱቅ መከራያ ነበር። ልጄ ሙባረካ እዚያ ትማራለች። ከዚህ ሙቀትና ከዚህ የጥይት ድምፅ ወጥቼ ከእሷ ጋር ልሆን።

ከዒድ ወዲህ አልደወልሁም። መስመሩ ተበላሽቶ። ይሸጣል፣ ምን ችግር አለው? ደውሎ ሽጡልኝ ማለት ነው። መስመሩ ሲመለስ እደውላለሁ።

ሐምሌ 22

የትናየት አታነሳም። ወይ አይገባም። ዐሥራ አንድ ጊዜ።

ሐምሌ 29

ዛሬ አገኘኋት። መሸጥ እፈልጋለሁ አልኋት።

"እትየ መጂዳ፣ መልእክቱ አልደረሰዎትም እንዴ? ቆላ ፍሬ እኮ ከገበያው ወጥቷል።"

ምን ማለት ነው? ከሰረ? አልከሰረም አለች። ፋብሪካው ይሠራል። ጠቅላላ ጉባኤው ነው ገበያው ላይ መቆየት አንፈልግም ብሎ የወሰነው። በየሩብ ዓመቱ ሒሳብ ማሳወቁ፣ ክፍያው፣ ቁጥጥሩ ከበደን ብለዋል። የመጨረሻው መሸጫ ቀን ሰኔ ላይ አልፏል።

"ገንዘቤ ጠፋ በይኛ።"

"አልጠፋም። ድርሻዎ የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካብዎትም። የጠፋው መሸጫው ነው።"

ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ። ሸጬ የማልለቀው ዕቃ የእኔ ነው ወይስ እኔ የእሱ ነኝ?

ለመሆኑ በየትኛው ስልክ ነው መልእክት የላካችሁት ብዬ ጮህሁባት። ቁጥሩን አነበበችልኝ። የሱዳን ስልኬ! ያኔ የእኛ መስመር ሲጠፋ ሰው ሁሉ የጋላባትን ሲም ነበር የሚጠቀመው፤ ከወሰኑ ማዶ ያለው የስልክ ግንብ እኛ ጓዳ ድረስ ይደርሳል። ስመዘገብ እሱን ሰጠሁ። እነሱ ዘንድ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግንቡ ድምፁ ጠፍቷል። የጉባኤው ጥሪ፣ የመሸጫው ቀን፣ ሁሉም ወደ ሞተ ስልክ ተልኳል። ቁጥር መቀየር ለማን ትዝ ይለዋል? ለእኔ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልጅቷን በከንቱ ተቆጣኋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ነሐሴ 6

ደግሜ ደወልሁ። በቅድሚያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ደህና ልጅ ናት፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

ከፋብሪካው ከግማሽ በላይ የአንድ ባለሀብት ነው። መውጣት የሚፈልግ ካለ እኔ እገዛዋለሁ ብሏል፤ እስከ መስከረም 30። ዋጋው ግን እኔ ከገዛሁበት ግማሽ ነው። ከአምናው የገበያ ዋጋማ አይወራ።

አልሸጥም ብልስ? ባለድርሻ ሆኜ እቀጥላለሁ። ለጉባኤ እጠራለሁ፣ ድምፅ እሰጣለሁ፣ ትርፍ ከተከፋፈለ ይደርሰኛል። ይከፋፈል አይከፋፈል የሚለውን ማን ይወስናል? ጉባኤው። በጉባኤው ከግማሽ በላይ ድምፅ ያለው ማን ነው? ሰውየው። ሳቅሁ። የትናየትም ሳቀች፣ ምስኪን።

ሌላ ገዥ ካገኘሁ ደግሞ በግል መሸጥ እችላለሁ፤ አብረን ቀርበን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስም እናዛውራለን።

የእኔና የቢሆነኝ ድርሻ እኩል ነው። ሁለቱም ለሰውየው ቢሸጥ የሚመጣው ቢሆነኝ ያስቀመጠው ብቻ ነው። የእኔ ባዶ። ጎንደር ቀረ ማለት ነው።

ነሐሴ 15

ገዥ ፈልጊ አይደል ያለችኝ? ፈለግሁ። የአብደራፊው ሽኩር ሰሊጥ ጭኖ ሲያልፍ ሱቄ ጎራ አለ። ሦስት መጋዘን አለው፤ ፋብሪካውንም ያውቀዋል። ነገሩን አዳመጠኝ። ዛሬ ዋጋው ስንት ነው አለኝ። ዛሬ ዋጋ የለውም፣ ከገበያ ወጥቷል አልሁት። ጢሙን ዳበሰ።

"ዋጋ የሌለውን በምን ልገምተው መጂዳ? ለአንቺ ብዬ ሩቡን።"

ለአንቺ ብዬ! ይህን ጨዋታ እኔም እጫወተዋለሁ። ገበሬው ዝናብ ሊመጣበት ሰሊጡን ደጃፌ አውርዶ፣ ሌላ ገዥ እንደሌለው ሳውቅ "ለአንተ ብዬ" እለዋለሁ። አልተቀየምሁትም። ስኳር በዱቤ ሰጥቼ ሸኘሁት፣ ሞኝ ነኝ።

ነሐሴ 23

ሰይጣን ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነበር። ለቢሆነኝ "ለከርሞ ይደርሳል፣ ከርሞ ና ውሰድ" ብለው ምን ይላል? እሺ እትየ ነው የሚል። ያምነኛል። እኔ ድርሻውን ይዤ እጠብቃለሁ፣ ምናልባት ዋጋው ይነሣ ይሆናል።

ከርሞ ደግሞ ቢሆነኝ ቆላ ይወርዳል። በዚያ ሆዱ።

አስተግፊሩላህ።

ጳጉሜን 3

ቢሆነኝን ከሽንፋ እርሻ በትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተው አመጡት። እንደ እሳት ይፋጃል። ካላዛሩ ተመለሰ ብዬ ደነገጥሁ። እኔና አብዱረሕማን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ወባ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ወባ ብቻ።

ሐኪሙ የአምናውን ካርድ አይቶ ተቆጣ። ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል፣ እናንተስ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ አለ። ወደ እኔ ነበር የሚያይ። እናቱ መስዬው ይሆናል።

ጳጉሜን 5

ነገርሁት።

ትኩሳቱ ወርዶለት ከሱቁ ጀርባ ተቀምጦ ሾርባ ሲጠጣ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርሁት። ፋብሪካውን፣ ገበያውን፣ ስልኩን። ግማሹን አልገባውም። አክሲዮን ምንድን ነው አለኝ። የፋብሪካው ቁራሽ ነው አልሁት። ቁራሹን ታዲያ ቆርሰው አይሰጡዎትም? አይሰጡም። አይሸጥም? በግማሽ ዋጋ። በማን ስም ነው? በእኔ።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይሳደባል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት ክረምት እዚህ ተቀመጥሁ። ለምን አልነገሩኝም?"

ምን ልመልስ? ላስደስትህ ብዬ ነው? ገንዘብህን አንድ ሳንቲም ሳይጎድል እሰጥሃለሁ አልሁት። እሺ አለ። አላመነኝም። ዓይኑ ላይ አየሁት።

አለቀስሁ። አብዱረሕማን ነግሬሽ ነበር አላለኝም። እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፣ እንድጣላው።

መስከረም 4

ዓመቱ በዚህ ገባ። ገንዘብ የሚያስቀምጡትን ሌሎቹን አጫጆች ሁሉ ቢሆነኝ ነበር ወደ እኔ ያመጣቸው፤ "እትየ መጂዳ ዘንድ ተዉ" እያለ። አሁን ሰምተዋል። ከእርሻው እየመጡ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የእነሱ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ አልተነካም። ለእያንዳንዱ ሰጠሁት። አመስግነው ሄዱ። አንዱም ፊት ለፊት አላየኝም።

መስከረም 11

አንዴ ልሽጥ፣ አንዴ አልሽጥ። የቢሆነኝን ድርሻ ብቻ ሸጬ ግማሹን ብሰጠውስ? ገበያው ነው የወደቀ፣ እኔ አልጣልሁትም... እንዲህ እያልሁ ሸራ በሳሙና ዋጋ ሸጥሁ።

አብዱረሕማን ዛሬ ተናገረ። በመጨረሻ።

"ቢያተርፍ ለእሱ ነው ስትዪ ነበር። ሲከስር ግን ለማን ነው?"

ሲከስር ለእኔ ነው። እሺ። ለእኔ ነው።

መስከረም 28

ጎንደር። ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ላይ፤ በየኬላው ውረዱ፣ ተፈተሹ። የትናየትን በመልክ አሁን አየኋት፤ ልጅ እግር ናት። የእኔንም የእሱንም አንድ ላይ ፈረምሁ። ብእሩን አንሥቼ እስካስቀምጥ እንኳ አልፈጀም። ክፍያው በሁለት ሳምንት ባንክ ይገባል አለችኝ።

ሙባረካ ሱቁን መቼ ነው የምንከራየው ብላ ጠየቀችኝ። ዘንድሮ አይሆንም አልኋት። አምናም እንዲህ ብለሽ ነበር አለች። ዕቃ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልገዛሁም፤ ፒያሳን ሦስት ጊዜ ዞርሁ።

ጥቅምት 16

ቢሆነኝ ለገንዘቡ መጣ። ብቻውን አይደለም። ባንተአምላክ የሚባል የአገሩ ሰው አብሮት ነበር። አብሮት የሚሄድ መንገደኛ መስሎኝ ሁለቱንም ተቀመጡ አልሁ።

"ምስክር ነው፣ እትየ" አለኝ ቢሆነኝ። አንገቱን ደፍቶ። "አይክፉብኝ።"

ደግ አደረግህ አልሁት። ሰባት ዓመት ሲሰጠኝና ስቀበለው አላህና እኛ ብቻ ነበርን። ወረቀት ተጻፈ፣ እኔ ፈረምሁ፣ ባንተአምላክ ፈረመ፣ ቢሆነኝ አውራ ጣቱን ቀለም ነክቶ አተመ። ሙሉውን ነው የወሰደ። በባንክ አገር ቤት ላለው ወንድምህ እንላክልህ አልሁት። "በእጄ ይሁን" አለ። ከሸሚዙ ሥር በጨርቅ ታጠቀው። መንገዱን እያወቀ። ሦስት ኬላ፣ ከኬላው ውጭ ያለውን ደግሞ አላህ ነው የሚያውቀው።

አልጨቀጨቅሁትም። ዳቦ ቋጠርሁለት።

ጥቅምት 19

አልደወለም።

ጥቅምት 21

አልደወለም። አብዱረሕማን መስመር ይሆናል ይላል። ዛሬ ጧት ሻይ ሳፈላ ውኃ ሳልጨምር በራዱን አቃጠልሁት።

ጥቅምት 24

ደርሷል! ባንተአምላክ ነው የደወለ። በሬዎቹን ዐይቷል፣ ቅዳሜ ይገዛል። እፎይ... እዚያው ባንኮኒው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። ቢሆነኝን ሰላም በልልኝ አልሁ። "ሰላም ብሏል" አለኝ ባንተአምላክ። ብሎ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከሰዓት ሦስት አጫጆች መጡ። ሥራ ጨርሰው ወደ አገራቸው ሊገቡ ነው። ጫማና ሳሙና ገዙ። ገና ልጆች ናቸው፣ ጢም እንኳ የላቸውም። ገንዘባቸውን ታጥቀው ሸሚዛቸው በወገባቸው ዙሪያ አብጧል፣ ገና ከበር ሳይገቡ ይታያል። እኔ ካየሁት ሌላው አያየውም? ትናንት እንኳ ከገንዳ ውኃ ከተማ አለፍ ብሎ መኪና አስቁመው ዘርፈዋል ተብሏል። አምና ቢሆን "ኧረ ልጆቼ፣ እኔ ዘንድ ተዉት፣ መንገዱ ሲበርድ ትወስዳላችሁ" እላቸው ነበር።

አፌ ድረስ መጣ። ልለው አልሁ።

በምን አፌ?

መልሱን ቆጥሬ ሰጠኋቸው፣ ወጡ። ደጅ ቆሜ መኪናው እስኪታጠፍ ወገባቸውን ሳይ ቆየሁ።