ለእኔ የሠራሃት ፕላኔት

ታዴዬ፣

እትዬ ዘነበች ዓይናቸው በራላቸው። ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጎረቤታችን ስለሆነ ከእሳቸው ልጀምርልህ። የግራ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው፤ የቀኙ ደግሞ ከክረምት በኋላ ነው ተብለዋል። ፋሻው የተፈታላቸው ቀን እኔን ትክ ብለው አዩና «አንቺ ብርቄ፣ እንዲህ ሸብተሽ ነው እንዴ ዝም ያልሽኝ?» ብለው ግቢውን በሳቅ ገደሉት። የልጃቸው ሚስትም በሰላም ተገላግላለች። ሴት ናት፤ አፍንጫዋ ቁርጥ እሳቸውን። ጉልበታቸው ግን ያው ነው፣ ያለ ከዘራ አይንቀሳቀሱም።

አንተ ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። አርባህንም ሰማንያህንም ሙት ዓመትህንም በወጉ አውጥተናል፣ በዚህ ሐሳብ አይግባህ። ያ የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፍኗል። ሱቅህን ለቀቅን፤ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። መጀመሪያ ሰሞን ታክሲው በጦር ኃይሎች በኩል ሲያልፍ ፊቴን ወደ ማዶ አዞር ነበር። አሁን አያለሁ። አንተ የተበላሸ ቴሌቪዥን ትደረድርበት የነበረው መደርደሪያ እዚያው አለ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ፕላኔቷ ነው።

ያቺን የመጨረሻዋን ምሽት ታስታውሳታለህ መቼም። ጀምበሯ ልትጠልቅ ስትል፣ እኔ ደጅ ልብስ እያጠብኩ፣ አንተ ከለቃቀምከው ዕቃ በገጣጠምከው ኮምፒውተርህ ላይ ተተክለህ። እነዚያ ሳይንቲስቶች አዲስ ፕላኔት አገኘን ባሉ ቁጥር አንተ ደግሞ በጠፈር ፕሮግራምህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ትሠራታለህ። ስፋቷን፣ ክብደቷን፣ ከፀሐይዋ ያላትን ርቀት ከዜናው ትገለብጣለህ፤ ዜናው ያልነገረህን ደመናና ቀለም ከራስህ ትጨምራለህ። እኔ ደግሞ «ሰው የቤቱን ቀለም ሳይቀባ የሰማዩን ይቀባል» እያልኩ እተርብሃለሁ። ያን ቀን «ብርቄ፣ ነይ እዪ፣ ይቺን ለአንቺ ነው የሠራኋት» አልከኝ። እጄ አረፋ ነበር። «ሥራዬን ልጨርስ፣ ነገ አያታለሁ» አልኩህ። አንተም ሳቅ ብለህ «ግድ የለም፣ ይቺኛዋ ትጠብቅሻለች» አልከኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቅ እንደገባህ ወደቅህ። ነገ ያልኩት ነገር በዚያው ቀረ።

ለወራት ኮምፒውተሩን ጨርቅ አልብሼ አስቀመጥኩት። ልክፈተው ስል እጄ እንቢ ይለኛል። በኋላ ልጃችን ሜሮን ለትምህርቷ ስትፈልገው፣ ሱቅ አብሮህ ይሠራ የነበረው ሙሉጌታ «በጣም ተንቀራፏል፣ ላጽዳላችሁ» ብሎ ወሰደው። ወዳጅህ ነው፣ ለደግ አስቦ ነው። ፎርማት አድርጎ መለሰው። ሜሮን የአባባ ፕላኔቶች የት ሄዱ ስትለው ልጁ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔው ተነሥቼ አባበልኩት። እሱ ሲሄድ ግን ጓዳ ገብቼ የራሴን አለቀስኩ። አንተን ቀብሬ፣ ለእኔ ብለህ የሠራሃትን አንዲት ነገር እንኳ ሳላያት ጠፋች።

ያተረፈን ፕላኔቶችህን የምትመዘግብበት ሰማያዊው ደብተርህ ነው። ሜሮን የመጨረሻውን ገጽ ስታገኝ ጮኸች። ከላይ «ለብርቄ» ይላል። የፕላኔቷን ስም የጻፍክበት መስመር ላይ ያ የቴሌቪዥን ሽቦ የምትበይድበት ትኩስ ብረት አርፎበት ወረቀቱ ተበስቷል። የቀረው የስሟ የመጨረሻ ፊደል፣ «በ15 የተገኘች» የሚል፣ ከታች ደግሞ ሁለት ቁጥር፣ ከአጠገባቸውም «ከዚህ ላይ ሆና ትይ» የሚል ነው።

ሜሮን ፕሮግራሙን እንደገና ጫነችና በ2015 ከተገኙት መሐል ስሟ በዚያ ፊደል የሚያልቅ ለቅማ አንዷን መረጠች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ስትመለስ እየተቀመጠች ሠራቻት። እኔ ቁጥር አነብላታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አልቃ ስትታይ፣ ታዴዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ እሳት ናት። መሬት የሚባል የላት፤ የሚቆምበት ቦታ የለም፤ የጋለ ደመና ብቻ። የጻፍከው ቦታ ላይ ስንሄድ ጭጋግ ውስጥ ገባን። ሜሮን «እማዬ፣ ቆንጆ ናት እኮ፣ ቀለሟን እዪው» ትለኛለች። እኔ ግን ልቤ ተሰበረ። ይቺን ነው ለእኔ ያላት? ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ነኝ ማለት ነው? እያልኩ ሁለት ቀን ከአንተ ጋር ተኳረፍኩ። ሙት ይኮረፋል? ይኸው ተኮረፈ።

በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር ስጠርግ ባለቤቱ ሳይመለስለት የቀረውን ትንሹን ቴሌቪዥን ሳብኩት። ጀርባው ላይ በነጭ ፕላስተር የተረከብክበትን ቀን ለጥፈህበታል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። እንደ ልማድህ በእኛው አቆጣጠር። መጥረጊያዬን ጥዬ ሮጥኩ። «ሜሮን፣ አባትሽ መቼ ነው በፈረንጅ ቀን የጻፈው? የልደትሽን ቀን እንኳ ትምህርት ቤት በፈረንጅ ሲጠይቁት ወደ እኔ ነበር የሚልካቸው!» አልኳት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ አፏን ያዘች። 15 ያልከው የእኛን 15 ነው፤ በእነሱ 2023 መሆኑ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው ሚስትህ ናት ያገኘችልህ፤ እዚያ ላሉ የተማሩ ጓደኞችህ ንገርልኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀላል ሆነ። በዚያ ዓመት ዝርዝር ውስጥ ስሟ እንዲያ የሚያልቅ፣ ከመሬት እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ነበረች። ሜሮን እንዳስረዳችኝ ማንም በዓይኑ አላያትም። በፀሐይዋ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ አንተ ማታ በመስኮቱ ስታልፍ መብራቱ ጥላ እንደሚያጠላብኝና ሳላይህ መምጣትህን እንደማውቀው ማለት ነው። ፀሐይዋ ትንሽ ናት፣ ቀይ። ፕላኔቷ ተጠግታት ስለምትዞር አንድ ፊቷን ብቻ ሳትሰጣት አትቀርም ይላሉ፤ በአንድ በኩል ሁልጊዜ ቀን፣ በሌላው ሁልጊዜ ሌሊት።

ሜሮን ይቺኛዋንም ሠርታ ስትጨርስ ሁለቱን ቁጥሮችህን አስገባቻቸው። ወሰዱንና ቀኑና ሌሊቱ የሚገናኙበት ድንበር ላይ አቆሙን።

ታዴዬ፣ አየኋት። ቀይዋ ጀምበር ከተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መሬቱ የሸክላ ቀለም አለው፣ ደመናው ዳር ዳሩ ወርቅ ነው። ልክ አንተ ሱቅ ዘግተህ ስትመጣ ደጃፉ ላይ የምንቀመጥባት ሰዓት። ሜሮን የፕሮግራሙን ሰዓት ወደፊት ነዳችው፤ ቀን አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ጀምበሯ ንቅንቅ አላለችም። «ለምን አትጠልቅም?» አልኳት። «እዚህ ቦታ ላይ አትጠልቅም፣ እማዬ» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ሁልጊዜ ሥራዬን ልጨርስ እልሃለሁ፣ ብቅ ስል ጀምበር የለችም። ለካ ልብሱንም አጥቤ፣ ሁሉንም ጨርሼ ብመጣ እንኳ የምደርስበትን ምሽት ፈልገህልኝ ኖሯል። ትጠብቅሻለች ያልከኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አሁን ኩርፊያው ቀርቷል። ፕላኔቷን ሜሮን በሦስት ቦታ አስቀምጣታለች፤ ሙሉጌታም አንዷን ፍላሽ ወስዶ «ይቺን በነፍሴ ነው የምጠብቃት» ብሏል። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። እዚያ አንድ ዓመት ማለት የእኛ አሥራ አንድ ቀን ነው። በዚያ ሂሳብ ከተለያየን ወደ ሃምሳ ዓመት ሆኖናል፤ እኔም ድድ ብቻ የቀረኝ አሮጊት ነኝ። እንግዲህ ሙት ዓመትህን በእኛ አቆጣጠር ቤተ ክርስቲያን አስባለሁ፤ በእሷ አቆጣጠር ደግሞ በየአሥራ አንዱ ቀን፣ ሥራዬ አለቀም አላለቀ፣ እጄን አድርቄ፣ ፕላኔቷን ከፍቼ ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ። ከእንግዲህ ነገ አልልህም።

ትናንት እንደዚያው ተቀምጬ ሳለ እትዬ ዘነበች ከዘራቸውን እያንኳኩ መጡ። ይቺ ታዴ የሠራልኝ ናት አልኳቸው። በአዲሱ ዓይናቸው ጠጋ ብለው ብዙ አዩና «ሰው የለባትም?» አሉኝ። እስካሁን አልታወቀም አልኳቸው። «ጸጥ ያለች ሰፈር ናት፤ ታዴ ነፍሱን ይማረውና ጫጫታ አይወድም ነበር» አሉ። ከዚያ ውጭው እየጨለመ መሆኑን ሳይ፣ ጉልበታቸውም አሳስቦኝ፣ መሽቷልና ልሸኝዎት ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ከጀምበሯ ሳይነቅሉ «ተቀመጪ እንጂ ልጄ፣ እዚህ ገና አልመሸም» አሉኝ።

ብርቄህ
ከኮልፌ