ከልጄ ጋር በአንድ ፎቶግራፍ ለወጡት ለተከበሩ የሰፈራችን አስተዳዳሪ

ዱብቲ፣ ጥር ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለወንዝ ማዶ ጥጥ እርሻ የሠራተኞች ሰፈር ዋና አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የጣሪያዎ ማራገቢያ ሳያቋርጥ እንዲዞርልዎ፣ ከመጠጥ ውኃዎ በረዶ እንዳይጠፋ፣ ወባም የመስኮትዎን ወንፊት አይታ እንደ ልማዷ ወደ እኛ ሰፈር እንድትመለስ አላህን እለምናለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ኡሙሀኒና ልጃችን ሀምዳ፣ ለእርስዎ ከማሰብ በስተቀር ሌላ ሕመም የለብንም፤ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍና በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ ባለፈው ሰኞ ከቢሮዎ በር ላይ አቁመው «ምስሌን ከሕፃን ጋር አዳብለህ የሠራተኛ መሳቂያ አድርገኸኛል፤ ፎቶግራፉን እስከ ዓርብ አምጥተህ ካላስረከብህ ከሥራም ከቤትም ትወጣለህ» ካሉኝ በኋላ፣ መልሴን ሳይሰሙ ወደ ምሳዎ ስለሄዱ ነው። ምሳ የሚያስቸኩል ነገር ስለሆነ አልተቀየምኩም። መልሴን ግን እነሆ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ጉዳዩን በወሬ ብቻ የሰማው ሰውም እንዲፈርድ ከመነሻው እጀምራለሁ።

እኔ ከድሩ ይመር የእርሻው ጥጥ መዛኝ ነኝ። ከሀምዳ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን፤ መዳህ ሲጀምር ወባ ወሰደብን። ኡሙሀኒ ሀምዳን በሆዷ ይዛ ሳለች፣ አንድ ቀን ልብስ ማጠቧን አቆመችና «ከድሩ፣ የልጄ አፍንጫ እንዴት ያለ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ብዬ አሰብኩ፣ አሁንም አሰብኩ፤ አልመጣልኝም። ዓይኑ ትዝ ይለኛል፣ ሳቁ ትዝ ይለኛል፣ አፍንጫው ግን ጠፋኝ። «እኔም ረሳሁት» አልኳት። እርሷም ልብሱን ጨምቃ ካሰጣች በኋላ፣ «እንግዲያው ይኼኛው በሰላም ከመጣ አርባው እንደወጣ ፎቶግራፍ ይነሣል» አለች። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ላይ አልተከራከርንም።

ዝግጅቱ ልጅቱ ሳትወለድ ተጀመረ። የጥጥ መኪኖቹ በመንገድ ሲያልፉ እየበነነ በግራር እሾህ ላይ ተሰክቶ የሚቀር ብናኝ ጥጥ እንዳለ ክቡርነትዎ ከመኪናዎ መስኮት ሳያዩት አይቀሩም። ፍየሎች ይቀምሱታል፤ ወፎችም ለጎጆአቸው ይወስዱታል። ኡሙሀኒ ወደ ገበያ ስትወርድና ስትመለስ ከእሾሁ እየለቀመች አጠራቀመችው፣ አቧራውን አራገፈች፣ ፀሐይ አስመታች፣ በአቡጀዲ ጨርቅም ለልጅቱ መተኛ የምትሆን ትንሽ ፍራሽ ሰፋች።

ፎቶግራፍ አንሺው አቶ ሀብተ ሥላሴ በጥጥ ለቀማ ወራት ከደሴ በጭነት መኪና ወርዶ፣ በሚሌ በኩል ወደ እኛ የሚደርስ ሰው ነው። ዘንድሮ ሲመጣ ሀምዳ አርባዋ ወጥቶ ነበር። ቤታችን መጥቶ ልጅቱን አገላብጦ ካየ በኋላ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ሰጠን፦ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፤ ጠግባና ተኝታ፤ ከኋላዋም ንጹሕ ነጭ ግድግዳ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላድርገው።

አንደኛ፣ ስለ ግድግዳው አመሰግናለሁ። በሰፈራችን ውስጥ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ያለው የእርስዎ ቢሮ ብቻ በመሆኑ፣ ለጥቂት ደቂቃ ከፊቱ እንድንቆም ለመለመን ቆቤን በእጄ ይዤ መጥቼ ነበር። እርስዎም አርቀው በማሰብ «ዛሬ አንድ መዛኝ በግድግዳ ከተጠቀመ ነገ ለቃሚው ሁሉ ግድግዳ ይጠይቀኛል» ብለው መለሱልኝ። ይህ አባባል በእውነት አስተማሪ ነው። ሰው ብዙ ነገር ሲሰርቅ ሰምቻለሁ፤ ቆሞበት የሄደውን ግድግዳ ይዞ የጠፋ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም ነበርና ጥንቃቄዎን አደነቅሁ።

ስለዚህ በራሳችን ደጅ ተዘጋጀን። የፓምፕ ሠራተኛው ሚስት ወይዘሮ ንጋትወርቅ ጎረቤታችን ናት፤ ከሠርጓ ጀምሮ በሳጥን ያስቀመጠችውን ነጭ አንሶላ አውጥታ በጭቃ ግድግዳችን ላይ ወጠረችልን። ኡሙሀኒ ከዋዜማው ያጠለለችውን የወንዝ ውኃ አፍልታ፣ አብርዳ፣ ልጅቱን አጠበች፤ ቅባት ቀባች፤ ቀሚሷን አለበሰች። ወይዘሮ ንጋትወርቅ «ለዓይን» ብላ በግንባሯ ላይ የኩል ነጥብ ልታደርግ ስትል አቶ ሀብተ ሥላሴ «በፎቶግራፍ ላይ ዝንብ ትመስላለች» ብሎ ከለከለ። እርሷም «ዝንብ ትምሰል፤ ከቡዳ ትሻላለች» አለችው። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ነጥቧ ከጆሮዋ ጀርባ እንድትሆን ተስማሙ። ክቡር ሆይ፣ በሰፈርዎ ውስጥ አንድ ክርስቲያን ፎቶግራፍ አንሺ፣ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤትና ሁለት የወሎ እስላሞች በአንዲት ሕፃን ግንባር ላይ ተነጋግረው ያለ አስተዳዳሪ መስማማታቸውን ሳስብ፣ በወቅቱ አለመገኘትዎ ይቆጨኛል።

ብዙም ሳይቆይ ግን ተገኙ።

ሀምዳ ጡት ጠብታ ተኝታ ነበር። ፍራሿ ላይ ጋደም አድርገናት፣ ኡሙሀኒ ዝንቡን በነጠላዋ ጫፍ እያባረረች፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ አጎንብሶ አንድ ጊዜ አነሣት። ሁለተኛውን ለማንሣት ፊልሙን ሊያዞር ሲል እርስዎ ከዘበኛው ከዑመር ጋር ደረሱና ጮኹ፤ እርሱም ደንግጦ ቀና አለ።

ሁለተኛ፣ እንግዲህ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ከፍራሹ ስፌት በወጣው ጥጥ ላይ ጣትዎን ቀስረው «ይህ ጥጥ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ኡሙሀኒ «የእሾህ ነው፣ ጌታዬ» አለች። እርስዎም «እሾሁስ የማን ነው?» አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ አላህ ግራርን ሲፈጥር ለየትኛው እርሻ ብሎ እንደፈጠረው አልተማርኩም። ከዚያ ዑመር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ይቅርታ እህቴ» እያለ ልጅቱን አስነሣ፤ ሀምዳ እያለቀሰች በእናቷ ትከሻ ላይ ወጣች፤ እኔም በእርስዎ ትእዛዝ የልጄን መኝታ ተሸክሜ ወደ ሚዛን ቤት ሄድኩ።

ሚዛናችን የታሰረ የጥጥ ጭነት የሚመዝን ነው። ፍራሹን አስቀመጥኩት፤ ቀስቱ አልተነቃነቀም። «በደንብ አስቀምጠው» አሉኝ፤ በደንብ አስቀመጥኩት። አሁንም አልተነቃነቀም። ለቃሚዎቹ ከረጢታቸውን ተሸክመው ተሰልፈው ይመለከቱን ነበር፤ ማንም አልሳቀም፤ ይህም ለእርስዎ ካላቸው አክብሮት የተነሣ ይመስለኛል። በመጨረሻ «ሚዛኑ ተበላሽቷል» ብለው ፈረዱና ፍራሹ ወደ መጋዘን እንዲገባ አዘዙ። እዚያም ከጥጡ ተራራ ላይ ወረወሩት፤ እስከ ዛሬ ፈልጎ ያገኘው የለም። የእርሻው ሀብት በዚያን ቀን ምን ያህል እንዳደገ ባለቤቶቹ እንደሚነግሩዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ የአቶ ሀብተ ሥላሴም ጭምር ነው። ቁጣዎ ሲበርድ ካሜራውን አይተው «ና እኔን አንሣ» አሉት። እርሱም በትሕትና «ጌታዬ፣ የቀረችኝ የመጨረሻዋ ፊልም ናት፤ ለሕፃኗ ብዬ ነበር» ቢልዎ፣ «ሕፃን መቼም አይጠፋም፤ እኔ ግን ሥራ ይበዛብኛል» አሉት። ከዚያ ከነጩ ግድግዳ ፊት ቆሙ፤ ግድግዳውን ማንም እንዳልጠየቀብዎ መስክሬ አልፋለሁ። ከረባትዎን አስተካክለው፣ አንድ ክንድዎን በደረትዎ ሥር አጥፈው፣ እንደ ሹም ትክ ብለው አዩ። አቶ ሀብተ ሥላሴም አነሣዎት። ልቡ ተረብሾ ስለነበር ፊልሙን ማዞሩን ረስቶ ነበር።

በማግሥቱ በጥጥ መኪና ወደ ሚሌ ሄደ። ኡሙሀኒ ሀምዳን ታቅፋ መንገድ ድረስ ሸኘችው። ማታም ልጅቱን በክንዷ ላይ አስተኝታ ፊቷን በጣቷ እየዳሰሰች ስታጠና አየኋት፤ ከግንባር ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር። «ምን ታደርጊያለሽ?» ስላት «እየያዝኩት ነው» አለችኝ።

ሥዕሉ ከደሴ በአንድ ሾፌር እጅ ሲመጣልን አቶ ሀብተ ሥላሴ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፊልሙን ሳላዞር አስተዳዳሪውን ስላነሣሁ ልጅቱና እሳቸው በአንድ ላይ ወጥተዋል፤ ብጥለው ግን ልጅቱ ትጠፋለች ብዬ አተምኩት» ሲል አስነግሮናል። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ስለነበረ፣ ሚሌ ላይ ምሳ የበላው ሁሉ፣ መንገድ ላይ ጎማ ያስነፋው ሁሉ እኛ ሳናየው አይቶታል ይባላል። ለዚህ እኔን መክሰስዎ ይገባኛል፤ መንገዱን መክሰስ አይቻልምና።

ምስሉን ላላየው ልንገረው። አስተዳዳሪያችን በነጭ ግድግዳ ፊት በከረባት ቆመዋል፤ ፊታቸው ኮስተር ብሏል፤ በታጠፈው ክንዳቸው ላይ ደግሞ ልጄ ሀምዳ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፏን ትተኛለች፤ ከሥሯም ያ የተሰረቀ ፍራሽ አለ። ስለዚህ ጥጡ በማን እጅ እንደተገኘ ማስረጃ ከተፈለገ፣ ምስሉ ላይ በግልጽ ይታያል።

ሰፈሩ ሳቀ፤ አልዋሽዎትም። ወይዘሮ ንጋትወርቅ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ኡሙሀኒ ግን አልሳቀችም። ሥዕሉን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አስጠግታ አየችው። «አፍንጫዋ ወጥቷል» አለች፤ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሰኞ ማስጠንቀቂያውን ሰጡኝ። ማክሰኞ ዑመርን ከመቀስ ጋር ላኩት። ባለቤቴ ደጁ ላይ ተቀበለችውና «የጌታውን ምስል ቆርጠህ ውሰድላቸው፤ የልጄን ተውልኝ» ብላ ሥዕሉን በእጁ ሰጠችው። ዑመር ወዲህ አዞረው፣ ወዲያ አዞረው። ክንድዎ የት እንደሚያልቅና ፍራሹ የት እንደሚጀምር አይለይም፤ ከረባትዎን ቢቆርጡት የልጅቱ እግር ይሄዳል። «እህቴ፣ ይኼ የሚቆረጥ ነገር አይደለም» አለና መልሶላት ሄደ። በዚህ ምክንያት እንዳይቀጡት እለምናለሁ፤ መቀሱን በደኅና አስረክቧል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ዓርብ ፎቶግራፉ አይመጣም። ከሥራ ካስወጡኝ የሚዛን ቤቱን ቁልፍ አስረክባለሁ፤ ከቤት ካስወጡኝ ወይዘሮ ንጋትወርቅ አንድ ጥግ እንደማትነፍገን ነግራናለች። ሌላ ጊዜ ታዛዥ ሰው ነኝ፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የሹም ቃል ሳልፈጽም ያደርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን ግን ቤቴ ውስጥ መልኩ የጠፋ አንድ ልጅ አለ፤ ሁለተኛ እንዲጠፋ አልፈቅድም። በሥዕሉ ላይ መገኘትዎን በተመለከተ፣ እኛ አልጠራንዎትም፤ ከመጡ ዘንድ ግን አናስወጣዎትም።

ግድግዳ የማያልቅበት፣ ሚዛን የማይዋሽበት፣ እሾህ ሁሉ ባለቤት ያለው ረጅም የሹመት ዘመን እየተመኘሁልዎ፣ ከነቤተሰቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ከድሩ ይመር
ቢያንስ እስከ ዓርብ ጥጥ መዛኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ባለቤትዎ ወይዘሮ ስንቅነሽ ቤታችን ድረስ መጥተው ሥዕሉን ለማየት ጠየቁ። በርጩማ ሰጠናቸው፤ ሀምዳንም ታቀፉ። ምስሉን ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት፤ እንደ ሌላው ሰው አልሳቁም። አንድ ቅጂ እንዲታተምላቸው በሾፌሩ በኩል ወደ ደሴ ልከዋል፤ በሳሎንዎ እንደሚሰቅሉትም ነግረውናል። ሊሄዱ ሲነሡ ለኡሙሀኒ ያሏትን እዚህ እንድጽፈው የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው፦ «ሦስት ልጆች ወልጄለታለሁ፤ ልጅ ታቅፎ ሳየው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»