የጾሜን ዶሮ የበላው

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ልጄ ኤፊ ወደ ሥራ ስትወጣ ምሳዬን ፍሪጅ ውስጥ አሳየችኝ። ዶሮ፣ ጎመን፣ ትንሽ ሩዝ። በሁዳዴ... "አባዬ፣ ዶክተሩ ጾም የለም ብሏል። ስኳርዎ ወርዶ ቢወድቁ ሄለና ብቻዋን ናት። ካልበሉ እሷን እርስዎ ጋ ትቼ መሄድ አልችልም" አለች። እሺ አልኩ። ሄለና የልጅ ልጄ ናት። እሷን ከወሰዱብኝ በዚህ ሳን ሆዜ ምን እሠራለሁ?

ጎመኑንና ሩዙን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በላሁ። ዶሮውን ግን... ምግብ ቆሻሻ ውስጥ መድፋት አይሆንልኝም፣ እጄ እምቢ ይላል። ከጓሮ አጥራችን ወዲያ፣ ኮረብታው ሥር፣ አንድ የከሳ ውሻ ይመጣል። ለሱ ወረወርኩለት። እሱ ጠገበ፣ ጾሜ አልፈረሰ፣ ኤፊም ባዶ ሳህን አየች። ማን ተጎዳ?

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ቀድሞኝ ደርሶ ይጠብቀኛል። "ና ቡቺ" ስለው ጆሮውን ያቆማል። ሄለና በመስኮት አይታ ሳቀች።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ብርሃነ መስቀል ከኦክላንድ ደወለ። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ አሜሪካ ያረጀ ጓደኛዬ። ስለ ቡቺ አጫወትኩት።

"አንገቱ ላይ ማሰሪያ አለው?"

"የለውም።"

"ሲሮጥ ጅራቱን ወደ ታች ያደርጋል?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ስማ ኃይሌ፣ እሱ ውሻ አይደለም። ካዮቲ ነው፣ አውሬ። እኛም ሰፈር ይዞራሉ። ፊድ እንዳታደርገው፣ ምግብ መስጠት ኢሊጋል ነው፣ በሕግ ያስቀጣል።"

አውሬ? እንደ ቀበሮ ያለ ነገር መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ስም አውጥቼለታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አቆማለሁ። ዶሮውንስ የት አደርሰዋለሁ? ለኤፊ ጾመኛ ነኝ ብላት ሄለናን ትወስድብኛለች...

መጋቢት 14፣ ሰኞ

አላቆምኩም።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

የጎረቤታችንን የሊንዳን ትንሽ ውሻ ወሰደው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከደጃፏ። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ በመስኮት አየኋት። መጋረጃውን ዘጋሁት።

አመሻሽ ላይ የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረ መጣ። ኤፊ አነጋገረችው፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ። ሰው እየመገበው ነው አለ። ካዮቲ ሰው መፍራት ካቆመ ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ አይፈቀድም፣ ይገደላል አለ። ኤፊ ተርጉማልኝ ስታበቃ፣ "ማን ይሆን እንዲህ ያለ ጅል?" አለች።

ምን ልበል? እኔ ነኝ ልበል? ወደ ክፍሌ ገባሁ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ላባርረው ወጣሁ። ይፍራና ይዳን ብዬ። ድስት በማንኪያ ደበደብኩ፣ ጮህኩ። ቁጭ ብሎ አየኝ። ድንጋይ ወረወርኩ። ሄዶ አሸተተው፣ የሚበላ መስሎት። ሁለተኛው ጎኑን መታው። ፈንጠር ብሎ ሸሸና ተመልሶ መጣ።

ጌታዬ፣ ምን ላድርግ? እንዳይፈራ ያስለመድኩት እኔው ነኝ። ሳሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ይህን የሚያህል ሽማግሌ። እሱም ከአጥሩ ወዲያ ምሳውን ይጠብቃል።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ሄለና የለችም። የጓሮው በር ክፍት። አጥሩ ጋ ቆማለች፣ ምሳዋን ይዛ። እጇን በእንጨቶቹ መሀል አሾልካለች። የሱ አፍንጫ ጣቶቿ ላይ ነው።

አማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ዛሬ ግን "ና ቡቺ፣ ና" ትላለች፣ ልክ እንደኔ አድርጋ። ስታየኝ ደግሞ "አባባ፣ ሂ ኢዝ ሃንግሪ" አለችኝ፣ ርቦታል ማለቷ ነው።

እንዴት ሮጬ እንዳነሳኋት አላውቅም። አልነከሳትም። ነክሷት ቢሆን ኖሮ... አልጽፈውም።

ኤፊ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ጾሙን፣ ዶሮውን፣ የሊንዳን ውሻ፣ የዛሬውን። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የልጅቷን ጣቶች እያገላበጠች አየች፣ አየች። "ከነገ ጀምሮ ዴይኬር ነው የምትውለው፣ ሕፃናት መዋያ" አለች። ከዚያ ስልኩን አቀበለችኝ። "ለእንስሳት ቁጥጥሮቹ እርስዎ ራስዎ ኮል ያድርጉላቸው።"

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ደወልኩ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ከነአባቴ ነገርኳቸው።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ቤቱ ጭር ብሏል። የሄለና ጫማ እንኳ በር ላይ የለም። ኤፊ ደህና ዋሉ፣ ደህና ይደሩ ብቻ ሆናለች።

የተላከው ሰውዬ ጠመንጃውን ይዞ ጓሯችን ውስጥ ይጠብቃል። ካዮቲው ብቅ አላለም። ሽታው ደርሶት ይሆናል። ሂድልኝ፣ ዳገቱን ውጣና እንዳትመለስ እላለሁ በሆዴ። ደስ ብሎኛል። ለሰው የሚነገር አይደለም።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ዛሬ ሰውዬው ኤፊን ጠርቶ አነጋገራት። እሷም ወደኔ መጣች። "ካዮቲው የእርስዎን ድምፅ ስለሚያውቅ እርስዎ ይጥሩት ነው ሰውዬው የሚለው። ካልሆነልዎ ይቅር፣ አባዬ።" እንዲያ ከተኮራረፍን ወዲህ አባዬ ስትለኝ ገና ዛሬ ነው።

እንዴት ይቅር? ነገ የሌላ ሰው ልጅ እጇን ብትዘረጋለትስ?

ሰውዬው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ተደበቀ። እኔ ዶሮ ይዤ አጥሩ ጋ ቆምኩ። እንዳይመጣ ጸለይኩ። ድምፄን ላጎረንን፣ እንዳያውቀኝ ልለውጠው ሞከርኩ። እንደ ሁልጊዜው ሆኖ ወጣ።

አንድ ጊዜ ነው የጠራሁት። እየሮጠ መጣ።