የጽዋው ተራ

እሑድ፣ ጥቅምት 17

አየችው። ብርቄ አየችው።

ወንፊት ልትዋስ ነው የመጣችው። ጎረቤቴ ናት፣ እንደ ልማዷ «ቤቶች» እያለች ገባች። እኔ ጓሮ ጋኑን በወይራ እያጠንኩ ነበር። የመድኃኒቱ ብልቃጥ መደቡ ላይ ቀርቷል። ስመለስ በእጇ ይዛዋለች። ብርቄ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያን ነጭ ብልቃጥ ግን በእኛ አገር ፊደል ያልቆጠረም ያውቀዋል። ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። «ወንፊቱስ?» አለች። ሰጠኋት። ሄደች።

ዘጠኝ ዓመት ደብቄዋለሁ። ክኒኑ እንዳይንኮሻኮሽ ለጧፍ ከምፈትለው ጥጥ ቆንጥሬ እጠቀጥቅበታለሁ። የተለጠፈበትን ወረቀት ልጬ አቃጥላለሁ። መድኃኒት በማመጣበት ቀን «ሰም ልገዛ ነው» እላለሁ። ባሌ ሲሞት ሰው ሳንባ ነው አለ፣ እኔም ሳንባ ነው አልኩ። ዛሬ አንድ ጊዜ ረሳሁ። በቃ አንድ ጊዜ።

ሐሙስ የማርያም ማኅበር በኔ ቤት ነው። ጽዋው ካለፈው ወር ሃያ አንድ ጀምሮ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌዬ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። አሥራ ሁለታችንም የምንጠጣው ከዚያው ከአንዱ ጽዋ ነው። ከኔ ቀጥሎ ተረካቢዋ ደግሞ ብርቄ ናት። እሷ አልረከብም ካለች ጽዋው እኔ ቤት ይቀራል፤ ማኅበሩም እኔ ጋ ሞተ ማለት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ወንፊቱን አጥሩ ላይ ሰቅላልኝ ሄዳለች። አልተጣራችም።

ጠላው ተጠንስሷል። ለንፍሮ ባቄላውን ለቅሜያለሁ። የዳቦው ዱቄት አለ። የሚጎድለኝ ልብ ብቻ ነው።

ከታች ሰፈር የነበረችውን ሴት ሳስብ ዋልኩ። ነገሯ ሲታወቅ ማንም ክፉ አልተናገራትም። ልቅሶ ቤት ውሃ ስትጠይቅ፣ ፈገግ ብለው ለብቻዋ በጣሳ ሰጧት። ስትወጣ ጣሳውን ገደል ወረወሩት። ድምፁን ሰምታ ዞር አለች። እኔም እዚያ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ብናገር «አንቺ ምን አገባሽ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ወደ ኩልመስክ ሄደች። አሁን ምን ላይ እንዳለች አላውቅም።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ነግራኛለች። በጽዋ አይተላለፍም፣ በመብል አይተላለፍም፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስለምውጥ በደም ምርመራ እንኳ በሽታው አይታይም። እኔ አምኛታለሁ። አሥራ አንድ ሴት ማሳመን ግን ሌላ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ እንዴት ልጻፈው።

ጽዋውን ልመልስ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ ገብሬ ሄድኩ። ታመምኩ ብዬ ተራዬን ልተው ብዬ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ደብራችን ግቢ ወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተሳልሜ ጎንበስ አልኩና በጆሯቸው ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። አባ ከሁለት ክረምት ወዲህ ጆሯቸው ከብዷል፤ ይህን እያወቅሁ ምን አስቤ እንደሄድኩ እንጃ።

«ጮክ በይ ልጄ። ሹክሹክታ የሚሰማ እግዜር ነው» አሉ።

ጮክ አልኩ። መድኃኒት እውጣለሁ አልኳቸው። የምን መድኃኒት? አሉ። የዚያ በሽታ አልኩ። የትኛው? አሉ። እንግዲህ ያን ስም በሕይወቴ አውጥቼ ጠርቼው አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ጠራሁት፤ ግቢው አስተጋባ።

ዓይኔን ስገልጥ ያልጋነሽ ከእህቷ ጋር ጠበል ቀድታ ከኋላዬ ቆማለች። ሁለቱም የማኅበራችን ናቸው። ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።

አባ ግን ምንም አልደነቃቸውም። «ታዲያ ትውጫለሽ?» አሉ።

«እውጣለሁ አባ።»

«እንዳታቋርጪ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ ነው። ጽዋው እንደሆነ የእመቤታችን ነው፤ ያንቺ ሳይሆን ለማን ልትመልሺ መጣሽ?» ብለው ባረኩኝ።

ጽዋውን እንዳቀፍኩ ተመለስኩ። መንገድ ላይ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ የሰማ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ከጠዋት ጀምሮ መልእክት።

አንዷ ወገቧን አሟታል። አንዷ ወገል ጤና ከተማ ልቅሶ ደርሶባታል። የያልጋነሽ እህት ያለ ምክንያት አትመጣም፤ ቢያንስ አልዋሸችም። ሁለት ደግሞ መልእክትም አልላኩም፣ መንገድ ላይ አይተውኝ በማዶ አለፉ።

ብርቄ ቤት ጭስ አያለሁ። ድምፅ የለም።

ጠላውን ልደፋው ጋኑ ጋ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እማማ ስንዱ ከዘራቸውን እያንኳኩ መጡ። የማኅበሩ ሙሴ እሳቸው ናቸው፤ ተራ የሚያስጠብቁት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት። ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

«ጠላው ደርሷል?» አሉኝ።

ደርሷል አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እኔ ጥርሴም አልቋል፣ ዕድሜዬም አልቋል። ምኔን ይወስደዋል ብለሽ ነው?»

ሳቅሁ። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ዳቦውን ላቦካ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ስድስት መጡ። ለአሥራ ሁለት ያዘጋጀሁት ለስድስት ሆነ። ግን ስድስት መጡ።

አባ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩ፣ ጠጡ፤ «ጌሾ በዝቶበታል» አሉ፤ ለራሳቸው ያሉ መስሏቸው ቤቱ ሁሉ ሰማ። እማማ ስንዱ ተቀበሉ። ቀጥሎ ያልጋነሽ ከነጠላዋ ውስጥ የራሷን ጣሳ አወጣች። ገደል የተወረወረው ጣሳ ድምፁ መጣብኝ።

እማማ ስንዱ «የማርያም ጽዋ በጣሳ ሲቀዳ በኔ ዘመን አላየሁም» አሉ።

ያልጋነሽ አንገቷን ደፍታ «ልጆች አሉብኝ እማማ» አለች።

እኔም «ተዉአት፣ ይቀዳላት» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። ራሴ ቀዳሁላት። ጣሳም ይዛ ቢሆን መጥታለች። የማክሰኞውን የሰማችው በጆሮዋ ነው፤ ሰምታም መጥታለች። አልተቀየምኳትም።

ብርቄ አልነበረችም። ሁሉም በሩን ያያሉ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ንፍሮው አለቀ፤ አባ ለማሳረጊያ ሲነሡ እርጥብ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ገባች። ገላዋን ታጥባ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ። ማንንም ሳታይ እኔ ፊት ቆመች። ጽዋውን ሰጠኋት። ጠጣች። ከዚያ ነጠላዋን ዘርግታ ተረከበች። እልል ያሉት እማማ ስንዱ ብቻ ነበሩ፤ ኋላ ሌሎቹም ተከተሉ።

ስሸኛት በራፉ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ አራት ቀን አፌን በእጄ ይዤ፣ አንቺ ሄደሽ ቤተ ክርስቲያን ጮኸሽ ተናገርሽው?»

አልነገረችም ለካ። ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

«ሰኞ ለምን ሳትጣሪኝ ሄድሽ ታዲያ?» አልኳት።

«ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነዋ።» ነጠላዋ ውስጥ ጽዋውን አስተካከለች። «ፈርቻለሁ ዘውዴ። አሁንም እፈራለሁ። ግን ተራዬ ነው።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ጧፍ አልፈተልኩም። ቤት ጠርጌ፣ ጋኑን አጥቤ፣ ፀሐይ ሞቅሁ።

ረፋዱ ላይ ብርቄ ጠራችኝ። ጽዋው እሷ ቤት ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጧል። አፏ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ አይወጣላትም። መጨረሻ ላይ፣ ትናንት እንደገባች ጽዋውን በአመድና በፍል ውሃ ሦስት ጊዜ እንዳጠበችው ነገረችኝ። ሦስተኛው ላይ አፍሬ ቁጭ አልኩ አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ልትደብቀኝ ትችል ነበር።

እኔም እውነቱን ነገርኳት፤ ባለፈው ወር ስረከብ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ከኔ በፊት የያዘችው የትምባሆ ሱረት ነፊ ናት፣ ከንፈሯን አይቼ ተጸይፌ።

ብርቄ ጎኗን ይዛ ሳቀች። «አብሽሪ፣ በአንድ ነው የበለጥኩሽ» አለች። ስቀን ስቀን ደከመን።

ሲስተሯን ራሷ መጠየቅ ትፈልጋለች፤ ሰኞ አብረን እንሄዳለን። የቀሩት አምስት ሴቶች ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። ያልጋነሽም በሚቀጥለው ወር ጣሳዋን ትይዝ ይሆናል። በጦርነቱ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ መድኃኒቴ አልቆ ለዚህ ዓመት አልደርስም ብዬ ነበር። ደረስኩ። ደግሞ ብርቄን ጨምሮ ስድስት ሴቶች ቤቴ ገቡ፣ ራሴን ስቆጥር ሰባት። እመቤቴ፣ ስለ ሰባቱ ተመስገን። ስለ አምስቱ ደግሞ እጠብቃለሁ።