የማርሷ መኪናና የኔ ዓይን

ሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 1996

አባረርኳት አይባልም። ራሷ ናት ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጥላ የወጣችው። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንቺ ልጅ፣ እጅ አልፈጠረብሽም?» ብዬ ከጮህኩባት በኋላ ምን ታድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤቴ በቢሮ ሠራተኛ ይሞላል። አስተናጋጄ ዘነበች ብርጭቆዎቹን በትሪ ትይዝልኛለች፣ እኔ ከበራዱ እቀዳለሁ። ዛሬ ጋሽ ለማ አጠገብ ቆመን ስንቀዳ ሻዩ ከብርጭቆው ውጪ ፈሰሰና እጁ ላይ ወረደ። መዝገብ ቤት የሚሠራው፣ የድሮ ደንበኛዬ። ጮኸ። እጁ ቀላ።

«ትሪውን አንቀሳቀስሽው!» አልኳት።

«እትዬ፣ አልተንቀሳቀስኩም» አለች። አንዴ ብቻ።

ከልጄ ከሜሮን ለይቼ አላያትም እል ነበር። በቃ፣ እል ነበር።

ማክሰኞ

ብቻዬን ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩ።

ሳምቡሳ ሳቀርብ ሳህኑን ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ ለቀቅኩት። ስኳሩን ከብርጭቆው ጎን በተንኩት። ሻይ ደግሞ ትሪው ላይ ደፋሁ። ትሪው ባንኮኒ ላይ ነበር፤ ማንም አልያዘውም፣ ማንም አላንቀሳቀሰውም።

ድካም ነው አልኩ። ሰሞኑን እንቅልፍም የለኝ።

ጋሽ ለማ እጁን ቅባት ተቀብቶ መጣ። «ብርቄ፣ ልጅቷስ የት ገባች?» ሲለኝ «አሟት ነው» አልኩት። አፌ እንዴት እንደፈጠነ!

ረቡዕ

ራት በልተን ሜሮን ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ የምታዘጋጀውን ጽሑፍ ታነብልኛለች። ማርስ የሚባለው ዓለም ላይ ሰሞኑን ስላረፈችው መኪና። ሰው የለባትም፣ ሾፌር የላትም።

«ታዲያ ከዚህ ሆነው በሪሞት ነዋ የሚነዷት?» አልኳት።

«አይ እማ! ወሬው እዚያ እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጃል። ‹ድንጋይ አለ፣ ቁሚ› እስኪሏት ትጋጫለች። ስለዚህ ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ እነሱ አይተው በዚህ ሂጂ ይሏታል። መንገድ ላይ እንቅፋት ካየች ደግሞ ራሷ ትቆማለች፣ ወይ ዞር ብላ ታልፋለች።»

ስትወርድም እንዲሁ በካሜራ ነው አለችኝ። ካሜራው መሬቱን ደጋግሞ ያነሳል፤ ነፋስ ወደ ጎን እየገፋት እንደሆነ በፎቶዎቹ ይታወቃል። ገርሞኝ ሰማሁ። ወዲያው ደግሞ «ስትነዳ የምታይባቸው ካሜራዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው» አለች። «እንደ ሰው ዓይን። አንዱ ብቻውን ድንጋዩን ያየዋል፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን በደንብ አይለይም። ላሳይሽ።» ሁለት እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና ጫፍ ለጫፍ አጋጥሚያቸው።»

ሳትኩ። ሳቀች። «አሁን ሁለቱንም ገልጠሽ።»

አሁንም ሳትኩ።

«ወይ እማ፣ ትቀልጃለሽ!» አለች። አብሬያት ሳቅሁ። መጸዳጃ ቤት ገባሁና የግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩት። አምፖሉ የሳሙና አረፋ መሰለኝ። በሩ የለም። መስታወቱ ውስጥ ፊቴ የለም።

ቀኝ ዓይኔ ከመቼ ጀምሮ እንደዚህ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ግራው ሲያይልኝ ኖሮ አልታወቀኝም። ማለቴ፣ ትንሽ ትንሽ ታውቆኛል። አርጅታለች እንዳልባል ዝም አልኩ።

ሰኞ ዘነበች አልተንቀሳቀሰችም።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ብናገር ማን ይመጣል? ዓይኗ የማያይ ሴት የፈላ ሻይ ይዛ ስትቀርብ ማን ይቀመጣል? ይቺን ቤት ከዘጋኋት ሜሮንን በምን አስተምራለሁ? ደግሞ ዘነበች ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ዋልኩ፤ ያሳፍራል።

ከዘጋሁ በኋላ በታክሲ ስታዲየም ወርጄ ሰንጋ ተራ የዘነበች አክስት ቤት በእግሬ ሄድኩ። ልጅቷ ልብስ ታጥባለች። ሁሉንም ነገርኳት። አረፋውን ከእጇ ጠረገችና «እትዬ፣ ለእኔ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። «የሰደቡኝ ሰው ፊት ነው። ሁለት ቦታ ሥራ ጠየቅሁ፤ ‹ሰውዬውን ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ አይደል› አሉኝ።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ነገ ጠዋት ነዪና ስሚኝ» አልኳት። «እስቲ» አለች። እመጣለሁ አላለችም።

አርብ

ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ መጥቼ ከፈትኩ። ቤቱ ሞላ። «ሰኞ ዕለት... እንዲያው ያ ነገር...» ብዬ ጀመርኩና ባንኮኒውን መወልወል ያዝኩ። ቀና ስል ዘነበች በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሽ ለማን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀኝ ዓይኔ አያይም። ብርጭቆው የት እንዳለ ስቼ ነው። ልጅቷ ትሪውን ቀጥ አድርጋ ነበር የያዘችው። እኔ ደግሞ ማክሰኞ አሟት ነው ብዬ ዋሸሁ።»

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን ትንሽ ራቅ አደረጉ፤ ይህንንስ በግራው አየሁት። ጋሽ ለማ «ይሄን ደግሞ በምን አወቅሽው?» አለኝ።

«ማርስ ላይ ባለች መኪና።»

«እና እዚያ ድረስ ስትሄጂ የእኔ እጅ መቃጠል ነበረበት?» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ወደ ዘነበች ዞሮ «ልጄ፣ እኔም አንቺን ነው የረገምኩት። ይቅር በይኝ» አላት። አንገቷን ነቀነቀች። እኔን አላየችም።

ሰው ሲወጣ «ሐኪም ቤት መቼ ይሄዳሉ?» አለችኝ።

«ሰኞ። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ይላሉ። ካልሆነ እንጃ። ቤቱን ደግሞ ለማን ጥዬ እሄዳለሁ?»

የቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ ዘረጋሁላት። ይቅር ማለቷን አላውቅም፣ አልጠየቅኋትም። ቁልፉን ግን ተቀበለችኝና «ስንት ሰዓት ነው የምከፍተው?» አለች፤ እያወቀች።