ግድግዳ የበላን ሰሞን

መጋቢት 20፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬም ጭቃ። ከትናንት የተረፈውን ጉድጓድ ስንረግጥ ረፈደ። ሌሊቱን ዘንቦበታል፣ ሽታው ገና ከአጥሩ በር ይቀበላል። ስማኝ ጆሮ። ጆሮ ያልኩህ አንተን ነው። ማስታወሻ ደብተር ብሎ መጥራት ያደክማል፣ ሥራህ ደግሞ መስማት ብቻ ነው።

ጋሽ ሻንቆ፣ አለቃችን፣ ለረጋጮች ቦቲ ጫማ ገዝቶ መጣ። ጉድጓዱ የድሮ ሽንት ቤት አጠገብ ነው፣ እግራችሁን ጠብቁ አለ። ከማን ልጠብቀው? ሊሰርቁኝ ነው? ጭቃ የሚበስለው በባዶ እግር ነው። ጠጠሩን የሚያገኝ ጣት፣ ጭዱ መላሸቁን የሚያውቅ ውስጥ እግር። በቦቲ የተረገጠ ግድግዳ ክረምት አይሻገርም። አባቴ ሳውላ እያለን እንዲህ ሲል ነው የኖረው፣ ሁሉም ጭቃ ረጋጭ እንዲህ ነው የሚለው።

አንዱ ቦቲ ውስጥ እንቁራሪት ከተትኩ። የደረሰው ለታደለች ነው። ታደለች ውሃ አመላላሻችን፣ የአሪ ልጅ፣ ጭቃው ሲበዛ አብራን ትረግጣለች። ቸርች መዘምራን ውስጥ መልአክ ናት፣ እዚህ ምላሷ ምላጭ ነው። ጩኸቷ የጂንካ የድሮው አውሮፕላን ሜዳ ድረስ ተሰማ። ቦቲውን አውልቃ ወረወረችብኝ፣ ሳተችኝ። ሌሎቹን ደግሞ ቦቲ ያደረገውን ሁሉ «ዶክተር!» እያልኩ ስጠራ ዋልኩ። ምሳ ሳይደርስ ሁሉም አወለቀ። ጋሽ ሻንቆ ብቻውን በቦቲ ቀረ። አሸነፍኩ።

ሌላ ነገር። ለሰው አልተናገርኩም፣ አንተ አፍ የለህም።

ግድግዳ በላሁ።

የደረቀው ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ። በጥፍሬ ባቄላ የምታህል ፈለጥኩ። መጀመሪያ አሸተትኩ። ከዚያ ምላስ። ከዚያ ጥርስ። ኧረ ጆሮ! ቆሎ ምን አላት?

መጋቢት 23፣ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። እግሬ አልተኛ አለኝ። ጋደም ስል ውስጡ ጉንዳን ይሄዳል፣ ካላወራጨሁት አይተወኝም። እህቴ አስቴር (እሷ ቤት ነው የማድረው) ፍራሹንም ልታቦካው ነው ወይ አለች። አዎ፣ ጭድ አምጪልኝ አልኳት። በትራስ መታችኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሸክላ ሻጮቹ ጋ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። አዲስ ማሰሮ ላይ ውሃ ጠብ አድርጊበት አልኳት አንዷን እናት፣ ያፈስ እንደሆነ ልይ። አደረገች። አፍንጫዬን ከተትኩ። ዝናብ! ዓይኔ ተከደነ። ስነቃ እያየችኝ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ገዝተህ አሽትት!»

ሁለት ማሰሮ ላይ ደገምኩ፣ ሦስተኛው ላይ በቁርበት አባረረችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ኪሴ ውስጥ ግን ግድግዳ አለ። ማታ ማታ እንደ ከረሜላ እመጠዋለሁ። ምን ሆኛለሁ?

መጋቢት 27

ተያዘ! እኔ አይደለሁም፣ ግድግዳው ነው። ጋሽ ሻንቆ ከበሩ ጀርባ የተፋቀውን አየ። አይጥ ነው አለ። ቀጥሎ ፍየል ነው አለ። እኔ ደግሞ ጅብ እንዳይሆን፣ የጂንካ ጅብ ሥጋ ተወዶበት ግድግዳ ጀምሯል ብዬ አጋዘፍኩት። ወጥመድ ላጥምድ አልኩ። ለራሴ ወጥመድ!

ግን አንድ ነገር። በሩ ጋ ያሉት ሁለቱ የኔ ናቸው። መስኮቱ ሥር፣ ዝቅ ብሎ፣ ሌላም አለ። እኔ እዚያ አልደረስኩም። የኔ ጥፍር ሰፊ ነው፣ ያኛው ጠባብ ጠባብ ነው። ልጆች ይሆናሉ። ታደለች ማንም ሳያዛት እርጥብ ጭቃ አምጥታ ደፈነችው። ጎበዝ ሠራተኛ።

ትልቁ ወሬ፦ ጋሽ ሻንቆ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ ካንጋተን፣ የመምህራን ቤት ሥራ ይዟል። ወራት ይፈጃል። ሴት አይወስድም፣ ጎበዝ ጎበዙን ወንድ ብቻ። እኔን ጠራኝ። ከመጣህ ከጭቃው አውጥቼ የልስን ማንኪያ አስይዝሃለሁ አለኝ። ጆሮ! ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከተውኩ ወዲህ እግሬ እንጂ እጄ ሥራ ያለው መሆኑን ያሰበ ሰው የለም። ኦሞንም አይቼው አላውቅም። እሄዳለሁ። ሞቼም ቢሆን።

ሚያዝያ 2፣ ከሥራ መልስ

ዛሬ ነገሥክ ይሉኛል። ባሬላውን ጭቃ ሞልተን ከታደለች ጋር ይዘን ወደ ርብራቡ ስንወጣ፣ ሙሉውን ጋሽ ሻንቆ አናት ላይ ደፋሁት። ባርኔጣው ጠፋ። ጢሙ ጠፋ። ሠራተኛው ሁሉ መሬት ላይ ተንፈራፈረ። እኔ እጅ ነሳሁ። ጋሽ ሻንቆ ራሱ ጭቃውን ከዓይኑ እየጠረገ፣ አንተ የሰይጣን ቁራጭ፣ ካንጋተን ላይ እከፍልሃለሁ እያለ ሳቀ።

እውነቱን? አልቀለድኩም። ጆሮዬ ፏጨ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ልቤ እንደ ጄኔሬተር ተንደቀደቀ፣ እጄ ባሬላውን ለቀቀ። በቃ። ቀልደኛ መሆን እንዲህ ይጠቅማል፣ ብትወድቅም ቀልድ ነው ይሉልሃል። ብሞትም ያጨበጭባሉ።

ታደለች አልሳቀችም።

በኋላ ከበሩ ጀርባ ገባሁ፣ አፌን ሞላሁ። ዞር ስል ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች። ጉንጬ አብጧል። መዋጥም መትፋትም አልቻልኩም።

«አንተ፣ ስንተኛ ወርህ ነው?»

አሳቀችኝ፣ አፈሩ በአፍንጫዬ ወጣ። ወንድ ልጅ ይሁን ሴት፣ ስሙን ማን እንበለው፣ የአራስ ጥየቃው ቸርች ላይ ይነገር ወይ፣ የኔን ቀልድ ሁሉ በአንድ ቀን መለሰችልኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከንፈርህ ነጭ ሆኗል አለች። ጤና ጣቢያ ሂድ አለች። ሂድና የሚሉህን፣ የሚያደርጉህን ሁሉ መጥተህ ንገረኝ። ሁሉን! አንድ ሳታስቀር!

ስለኔ እንዲህ ታስባለች ለካ። ደስ አለኝ መሰለኝ።

ሚያዝያ 4

ጤ/ጣ ሄድኩ። አንዲት ሲስተር ናት ያየችኝ፣ ጠና ያለች፣ ቀልድ የማያስቃት። የዓይኔን ሥር ገልብጣ አየች። ጥፍሬን አየች፣ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ሰው የማይበላው ነገር ትበላለህ ወይ አለችኝ። አዎ፣ የሥራ ቦታችንን ሽሮ አልኩ። እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ጆሮ፣ የማይስቅ ሰው ፊት ቀልድ አያዋጣም። ግድግዳ አልኩ።

አልደነገጠችም! ጻፈች። ሩዝ በጥሬው፣ አመድ፣ በረዶ የሚበሉም ይመጣሉ አለች። ደም ውስጥ የሚገባው ብረት ሲጎድል አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ አምሮት ይይዘዋል፤ ሁሌ ብረት ነው ማለት ግን አይደለም፣ ስለዚህ ይመረመራል። ደም ሰጠሁ። ሌላውንም በዕቃ ሰጠሁ፣ እሱን አልጽፍም።

ውጤት፦ የደም ማነስ። መንጠቆ ትል የሚባለውም አለ። ሆዴ ውስጥ ተንጠልጥሎ ደሜን ይጠጣል። በየት ገባ? ሥራህ ምንድነው አለች። ጭቃ እረግጣለሁ። በጫማ? ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ትሉ ሽንት ቤት ካለበት አፈር በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው አለች።

በባዶ እግር። ጭቃው በሰለ፣ እኔ ተበላሁ።

አፈሩ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር የማስበው፣ ሰውነቴ ያውቃል ብዬ። የለም አለች፣ ጭራሽ ሌላ ትል ይጨምርልሃል፣ የምትበላውንም ብረት ይይዝብሃል። የትል መድኃኒት አስቆረጠመችኝ። የብረት እንክብል ሰጠችኝ። ከቡና ከሻይ ጋር አይወሰድም፣ ሰገራ ያጠቁራል አትደንግጥ፣ ዓይንህ እየጨለመብህ ከፍታ ላይ አትውጣ፣ ሸክም አታብዛ፣ ቀጠሮህን እንዳትረሳ። ካንጋተን ልሄድ ነው አልኩ። ኋላ ትሄዳለህ አለች።

ኋላ የሚባል መኪና የለም። ለጋሽ ሻንቆ አልነግርም።

ሚያዝያ 5

ታደለች ገና በጠዋት ቀፍድዳ ያዘችኝ። ጥያቄ በጥያቄ! መርፌው ምን ያህላል? ማን ነው የሚጠይቀው? ሰው እየሰማ ነው? አፈር እበላለሁ ሲባሉ ምን ይላሉ? ሴት ሲሆን ደግሞ እርጉዝ ነሽ ወይ ብለው ይመረምራሉ?

የባሬላውን ቀን መበቀል አማረኝ። መርፌው የጋሽ ሻንቆን ክንድ ያህላል አልኩ። ስም መጥራትማ በሞንታርቦ ነው፦ «አፈር በሊታው ይግባ!» ኮሪደሩ ሙሉ ያጨበጭባል። ሴት የሆነች እንደሆነማ ለእርግዝና ይመረምሩና ውጤቱን ለፓስተሩ ነው የሚልኩት አልኩ።

ይሄን ያህል ዓይኗ ሲፈጥ አይቼ አላውቅም። ጀሪካኗን አንስታ ወደ ኔሪ ወንዝ ወረደች። ተንከባልዬ ሳቅኩ።

ቦቲ አደረግኩ። «ዶክተር! ዶክተር!» ሠራተኛው ሁሉ። የዘራሁትን አጨድኩ። የግራው ውስጥ ጠጠር ከተውልኝ፣ እንቁራሪት እንኳ ማሰብ አልቻሉም። ሰነፎች።

ሚያዝያ 9

እንክብሉን እየዋጥኩ ነው። ያለችው እውነት ነው፣ ጥቁር። ለአስቴር ሬንጅ እያመረትኩ ነው አልኳት፣ የጂንካን መንገድ ብቻዬን ላስፋልት። ከቤት አባረረችኝ። አምሮቱ ትንሽ ረገብ ብሏል፣ በሩ ጋ ስደርስ ግን አሁንም ምራቄ ይሞላል። ጉልበት ገና ነው። ጋሽ ሻንቆ ሲያየኝ እሮጣለሁ፣ ከዞረ እቀመጣለሁ። ነገ ወዲያ ጠዋት መኪናው ይነሳል። ማንኪያዬን አሳየኝ! እጀታው አዲስ ነው።

10 ሰዓት

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ታገሠው።

ውሃ ዘገየ ተብሎ እኔ ተላኩ። ታደለች ከወንዙ መውጫ ዳገት መሃል ቁጭ ብላለች። ጀሪካኑ ተደፍቷል። ተነሺ እንጂ እመቤት አልኳት። ጆሮዬ እየፏጨ ነው አለች። ልቧ አንገቷ ላይ ሲዘል ይታያል። ከንፈሯ ነጭ።

ቀሚሷ ላይ አፈር። የመንገዱ አፈር አይደለም፣ ጭድ አለበት። የግድግዳ። እጇን ጨብጣለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የሊጥ ቁራሽ የምታህል ጓል፣ የተነከሰች።

ጥፍሯን አየሁት። ጠባብ ጠባብ።

መስኮቱ ሥር ያለው እሷ ናት። ማንም ሳያዛት የደፈነችው እሷ ናት። እኔን ጤ/ጣ የላከችኝ ለኔ ብላ ብቻ አይደለም፣ ፈርቼ እንዳልሞት ቅደምልኝ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ መጥቼ ሞንታርቦ!

ቀልዴን ነው አልኳት። መርፌው ትንሽ ነው፣ ማንም አይጮህም፣ ፓስተር የለም። አላመነችም። ባትቀልድ ኖሮ አምንህ ነበር አለች። ወንዱ አፈር ቢበላ ሳቅ ነው፤ እኔ ስበላ ከታየሁ አረገዘች ነው፣ ከመዘምራኑ ያወጡኛል፣ ወንድሞቼ ይገድሉኛል አለች። አለቀሰች። ካንጋተን ግባ፣ ተወኝ፣ ለሰው እንዳትነግር አለች።

ቦቲውን ያወለቀችውስ በማን ነው? እንቁራሪቷ የኔ ናት።

ሚያዝያ 11፣ ንጋት

መኪናው ተጭኗል። ጋሽ ሻንቆ ጋቢና ላይ፣ ማንኪያዬ እጁ ላይ፣ ውጣ እንጂ ይላል። ጋሽዬ አልሄድም፣ ደም አንሶኛል፣ ግድግዳውን የበላሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሁሉም ሳቀ! ሹፌሩ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ስምል የባሰ ሳቁ። በመጨረሻ የመኪናው መርገጫ ላይ ወጥቼ የዓይኔን ሥር ገልብጬ አሳየሁት። ቀስ እያለ ሳቁ ቆመ። ባሬላውስ፣ አለኝ። እሱም ዓይኔ ጨልሞ ነው አልኩ።

ሁሉንም? አለ። መስኮቱ ሥር ያለውንም?

ሁሉንም እኔ ነኝ የበላሁት ጋሽዬ። ብቻዬን።

ማንኪያውን አልሰጠኝም። አልወረወረብኝም። መኪናው ተነሳ። የቀሩት ቦቲዎች ያሉት የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቁልፉን በመስኮት ጣለልኝ። እግራችሁን ብያለሁ አለ። ሌላ ያለው በአቧራው አልተሰማም።

ኦሞ ይጠብቅ።

1፡30

የታደለች ቤት አጥር ሥር ቆሜ ነው የምጽፈው። ትንሿን ቦቲ በሩ ላይ አስቀምጬ አንኳኳሁ። ከውስጥ ሂድ አለች። አልሄድም አልኩ። ዕቅዴን በቀዳዳው ነገርኳት፦ ጤ/ጣ ስንደርስ እኔ እቀድማለሁ። ኮሪደሩ ላይ አፈር በሊታው ደረሰ፣ ግድግዳችሁን ደብቁ ብዬ እጮሃለሁ። በአራት እግሬ እሄዳለሁ። በር እልሳለሁ ካስፈለገ። ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ አንቺ ቀስ ብለሽ ሲስተሯ ጋ ትገቢያለሽ። ማንም አንቺን አያይም። ሰው እንዲያየኝ ማድረግ ብቻ ነው እኔ የማውቀው፣ ተጠቀሚበት አልኳት።

ቆይ። ቦቲው ውስጥ እንቁራሪት አለ ወይ ትላለች።

አራግፊው አልኩ። እያራገፈች ነው፣ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ። እንደገና። አላመነችኝም፣ እጇን ከታ እየፈተሸች ነው።

ወጣች። አድርጋዋለች። በቃ ጆሮ፣ ኪሴ ግባ፣ መጮህ አለብኝ።