ጠበል የገባበት ዱቄት

ናይሮቢ፣ ኅዳር 1999 ዓ.ም.

ውድ ሳምራዊት፣

እናትሽ ከሕመማቸው ተነሥተው ደጅ መውጣት መጀመራቸውን ነጋዴው ፈድሉ ነገረኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤም የሚያደርስልሽ እሱ ነው፤ ነገ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሞያሌ ይሄዳል፣ ከዚያ ለአዲስ አበባ ሾፌሮች ይሰጥልኛል።

ላቦራቶሪው እንደተውሽው ነው። ነጭ ጋዋንሽ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ማንም አልነካውም። እዚህ ውስጥ አማርኛ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ እቶኑ አልግል ሲለኝ እሱኑ በአማርኛ እየሰደብኩ እውላለሁ። እሱ ግን እንዳንቺ መልሶ አይሰድበኝም። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ ሳምሪ። ምሳዬን እንኳ ቆሜ መብላት ለምጃለሁ።

ያን የጉድ ቀን ሳስበው አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። እናትሽ ለራስ ምታትሽ የላኩልሽን ጠበል ዶርም ብታስቀምጪው አብራሽ የምትኖረው ልጅ ቆሻሻ ውሃ መስሏት ደፋችው፤ የቀረውን ሃይላንድ ይዘሽ መጥተሽ ከተጣራው ውሃ ጎን ደረደርሽው። የተጣራውንም የምናስቀምጠው በሃይላንድ ነበርና ከዚያ በኋላ ማን ይለየው?

«ዮፍታሄ፣ የእማዬ ጠበል የታለ?» አልሽኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ሁለታችንም እኩል ዞረን የዚንኩን ጨው የበጠበጥሽበትን ብርጭቆ አየን።

«ወይኔ ጉዴ! በጠበል ኬሚካል በጠበጥኩበት!» ብለሽ አፍሽን ያዝሽ። እኔ ሳቅኩ፤ አንቺ ግን ልታለቅሺ ደርሰሽ ነበር። አማካሪያችን ዶክተር ሙቲሶ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ «ፖሌ ፖሌ፣ ተረጋጊ። አንዴ ከተሠራ መጣሉ ምን ይጠቅማል? ይሞከር» አለ። አንቺ ደግሞ «ይሞከር፤ እጣቢው ግን ገንዳ ውስጥ አይደፋም፣ ጠበል አይረገጥም» ብለሽ ድርቅ አልሽ። ተሸክመን ወጥተን፣ ሰው ከማይረግጠው ከጃካራንዳው ዛፍ ሥር አፈሰስነው። ጥበቃው ምን ብሎ እንዳሰበ እንጃ።

ከዚያ ብጥብጥ የሠራነው ዱቄት ከእቶን ሲወጣ እንደ ወትሮው ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ቢጫ አለ። በፀሐይ ኃይል ውሃ ያጠራ እንደሆነ ለማየት ጣሪያ ላይ ወስደን ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ ውስጥ ጨምረን ፀሐይ ላይ ብናሰጣው፣ ነጩ ዱቄት ቀኑን ሙሉ ሲታገል የሚውልበትን ቀለም እሱ ለምሳ ሳንወርድ አጠፋው። በደስታ አቀፍሽኝ። ወዲያው ደግሞ «ጠበሉን አታስመረምርም፣ ማልልኝ» አልሽኝ። ማልኩልሽ።

ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን የማወራው ሰው አጥቻለሁና ልጻፈው። ንጹሕ ዚንክ ኦክሳይድ ከፀሐይ የሚጠቀመው ዓይናችን የማያየውን ጥቂት ብርሃን ብቻ ነው። በአንዳንዱ የዚንክ አተም ቦታ ሌላ ሲተካበት ግን ጠባዩም መልኩም ይለወጣል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ኮባልት ሞከርኩ፣ አረንጓዴ ሆነ። መዳብ ሞከርኩ፣ አመድ መሰለ። የአንቺን ዱቄት ያህል የሠራ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ጠበል ላኪልኝ እያልኩ ጻፍኩልሽ። ላክሽልኝ። ደግሜ ጻፍኩ፣ አሁንም ላክሽ። ባለፈው ኢስሊ ሰፈር ወዳለው ሱቁ ስሄድ ፈድሉ ጠርሙሱን እያቀበለኝ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ልጅ፣ እኔ ሙስሊሙ የእናንተን ጠበል በስንት ኬላ አሳልፌ አመጣሁልህ! ፖሊሱ ምንድን ነው ሲለኝ ‹ማጂ ያ ዳዋ›፣ የመድኃኒት ውሃ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ቆይ ግን፣ የምትፈልገው ውሃውን ነው ላኪዋን?»

«ለጥናት ነው» አልኩት።

«ሳዋ፣ እሺ፣ ለጥናት» አለኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሰሞኑን ዶክተር ሙቲሶ ዱቄቱን ሌላ ቦታ ልኮ አስመረመረ። ጠበሉን አልነካንም፣ መሐላዬን አላፈረስኩም። ውስጡ የተገኘው ብረት ነው፣ ያውም ጥቂት። በተጣራ ውሃ የብረት ጨው ጨምሬ ሠራሁት። መጀመሪያ አበዛሁትና ተበላሸ፤ ትርፉ ብረት ከዚንኩ ጋር አልገጥም ብሎ ለብቻው ተሰበሰበ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሐበሻው የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ለብቻው ተሰብስቦ ሲያወራ አየሁና ያው ብረት ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ፤ ቀልዱ የሚገባው ሰው ግን አልነበረም። ስቀንሰው ልክ የአንቺው ዱቄት ወጣ። ዶክተር ሙቲሶ እጄን ጨብጦ «እንግዲህ ያ ውሃ አያስፈልገንም» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። ወጥቼ ጃካራንዳው ሥር ቆምኩ። አበባው ረግፎ መሬቱን አልብሶታል። ከእንግዲህ ለአንቺ የምጽፍበት ምክንያት አለቀብኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ከጠርሙሱ ሥር ቀይ ዝቃጭ አይቻለሁ፤ ብረት መሆኑን ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር። ውሃውን የማስመጣው ጠርሙሱ አንገት ላይ ለምታስሪያት ቁራጭ ወረቀት ብዬ ነው። «ከምግብ በፊት ነው፤ ለዱቄትህም ለአንተም» ብለሽ የጻፍሽባትን ኪሴ ይዤያት እዞራለሁ። እወድሻለሁ፣ ሳምራዊት። አጠገቤ ሳለሽ አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም።

በጥር ካልተመዘገብሽ ቦታሽ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል ብሏል ዩኒቨርሲቲው። የመጨረሻውን ሃይላንድ አልከፈትኩትም፤ ጠረጴዛሽ ላይ ነው፣ ለራስ ምታትሽ ይሆናል። ፈድሉ በገና ሰሞን ይመለሳል። የማትመጪ ከሆነም ቃልሽን በእሱ ላኪልኝ፣ እችለዋለሁ።

ጠበል ግን አትላኪልኝ። ራስሽ ነይ።

ዮፍታሄ